«ባንቺ ምክንያት ዜሮ አገኘሁ» አለችኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከአጂፕ ሰፈር ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። መናኸሪያ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔ ራሴ ትምህርት ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ታማ አልጋ ስትይዝ ታናናሾቼ እኔ እጅ ላይ ወደቁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። አሥረኛ የጨረስኩ ይመስላታል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት የሒሳብ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ትምህርት ቤታቸው ሒሳብ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። «አንድ የውሃ ታንከር ሩቡ ውሃ ነበረው። 350 ሊትር ሲጨመርበት ሦስት አምስተኛው ሞላ። ታንከሩ ሲሞላ ስንት ሊትር ይይዛል?» ይላል። ትንሽ አሰብኩና «1000 ሊትር» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አልደብቅዎትም፤ ግቢያችን ያለው የአከራያችን ሮቶ ባለ 1000 ነው። በእሱ ሞከርኩት። ሩቡ 250፣ 350 ሲጨመርበት 600፣ የ1000 ሦስት አምስተኛም 600። ልክ መጣ። እሷም 1000 ብላ ጽፋ ሄደች።

መምህሩ ዜሮ ሰጣት። «ስቴፕ የለውም፣ ከሰው ነው የገለበጥሽው» ብሎ ክፍል ውስጥ አቁሞ ጠየቃት፤ የምትመልሰው አጣች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቡና የምሸጥበት መጥታ፣ ቦርሳዋን ጥላ፣ ደንበኞቼ ፊት «ባንቺ ምክንያት ዜሮ አገኘሁ! የማታውቂ ከሆነ ለምን አላውቅም አትዪም?» አለችኝ። ቃል ሳልተነፍስ ሲኒ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሯን አታሳየኝም። ባለፈው ሳምንት ከ10 ሁለት ያገኘችበትን ፈተና ፍራሽ ሥር ተጣጥፎ አገኘሁት። ለባለቤቴ በስልክ ብነግረው «የማታውቂውን አትንኪ፤ አስጠኚ ቅጠሪላት» አለኝ። ለአስጠኚ የሚከፈለው ግን የራሳችንን ሮቶ ልገዛበት ዕቁብ ከምጥለው ላይ ነው። ውሃ በማይመጣበት ቀን በጀሪካን እየገዛሁ ነው የምሠራውና ሮቶው ለእኔ ጌጥ አይደለም።

ግራ ገባኝ። እጄን ላንሳ? አስጠኚ ልቅጠር? ሰባተኛ ላይ ማቋረጤንስ ልንገራት? ደግሞ መልሱ ልክ ከሆነ ዜሮው ለምንድን ነው?

የጅማዋ እናት

*

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። የሆድሽን አውጥተሽ ነግረሽኛልና አንቱታው ያራርቀናል።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ዓይኔ እየተመለሰ የሚያርፈው «ሲኒ ማጠቤን ቀጠልኩ» ያልሽው ላይ ነው። በወለዱት ልጅ ሰው ፊት መዋረድ ያማል፤ ሦስት ሳምንትም ሙሉ ብቻሽን ተሸክመሽዋል። ወደ ሒሳቡ ሳንገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ያን ቃል ስትናገር የተናደደችው በአንቺ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ ቆማ መልስ በማጣቷ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። የ13 ዓመት ልጅ ጓደኞቿ ፊት «ገለበጥሽ» ስትባል የሚሰማት እፍረት እዚያው አይወጣላትም። የሚወጣላት ምንም ብትለው በማይጥላት ሰው ላይ ነው። ይህ ንግግሯን ትክክል አያደርገውም፤ መታረም አለባት፣ እመለስበታለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልብ በይልኝ፦ ቤት ገብታ ተሸፋፍና መተኛት ስትችል ቦርሳዋን ይዛ የመጣችው አንቺ ዘንድ ነው።

አሁን ስለ ዜሮው። መልሱ ልክ ነው፣ ታንከሩ 1000 ሊትር ነው። መምህሩ ልጅቷን ያቆመበት መንገድ አላስደሰተኝም፤ «እንዴት እንዳገኘሽው አስረጂኝ» ማለት ይበቃው ነበር። መንገዱን ማየት መፈለጉ ግን ጥፋት አይደለም። እስቲ ጥያቄው 350 በማለት ፈንታ 280 ሊትር ተጨመረ ብሎ ቢሆንስ? የአከራያችሁ ሮቶ አያወጣሽም ነበር። መልሱ 800 ይሆናል፤ ባለ 800 ሮቶ ደግሞ ግቢያችሁ የለም። አንቺ መልሱን ያገኘሽው ትክክለኛው ዕቃ ደጅሽ ላይ ቆሞ ስለነበረ ነው። መምህሩ ደግሞ ዕቃው በሌለበትም የሚሠራ መንገድ ይፈልጋል።

ይህን ስልሽ ግን በግምትሽ እንዳታፍሪ። ከ3,500 ዓመት በፊት ገደማ አንድ የግብፅ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ካሰፈራቸው ሒሳቦች መካከል እንዲህ የሚል አለ፦ አንድ መጠን፣ የራሱ ሰባተኛ ሲጨመርበት፣ 19 ሆነ፤ መጠኑ ስንት ነው? ሰውየው እንዳንቺው በግምት ጀመረ። «7 ነው እንበል» አለ። የ7 ሰባተኛ 1 ነው፤ ሲደመር 8 ሆነ። 19 አልሞላለትም። ግምቱን ግን አልጣለውም። 8ን ስንት ጊዜ ባበዛው 19 ይሞላል ብሎ ፈለገና ግምቱን 7ንም በዚያው ልክ አበዛው። የተሳሳተው ግምት ወደ ትክክለኛው መልስ መራው። የአንቺ መንገድ የጎደለው ይህችን ሁለተኛ እርምጃ ብቻ ነው።

እንሞክራት። ሮቶውን እርሺውና በየቀኑ የምትሸከሚውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቢ። ታንከሩ 20 ሊትር ብቻ ነው እንበል። ሩቡ 5 ሊትር ነው። ሦስት አምስተኛው 12 ሊትር ነው። ከ5 ወደ 12 ለመድረስ 7 ሊትር ይጨመራል። ጥያቄው ግን 7 ሳይሆን 350 ተጨመረ ይላል። 350 ለ7 ሲካፈል 50 ነው። እንግዲህ ታንከሩ የጀሪካንሽ 50 እጥፍ ነው ማለት ነው፤ 20 በ50 ሲባዛ 1000። የተጨመረው 280 ቢሆን ደግሞ 280 ለ7 ሲካፈል 40፣ 20 በ40 ሲባዛ 800። የማንንም ሮቶ ማየት አላስፈለገንም። 20ን የመረጥኩት ለ4ም ለ5ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው፤ ሩብና አምስተኛ አብረው ሲመጡ 20 ላይ ምንም ሳይሸራረፍ ይቆረጣል።

መምህሩ «ስቴፕ» የሚለውም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። 20 ነው ብሎ በመገመት ፈንታ ለማናውቀው ነገር ስም እንሰጠዋለን። በልጅሽ ደብተር ላይ ስሙ ኤክስ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ስትሠሩት «ሙ» በሉት፣ ሙሉው ለማለት። ስሙን ስትሰጡት ደግሞ ሳትሰስቱ ጻፉት፦ «ሙ ማለት ታንከሩ ሲሞላ የሚይዘው ሊትር ነው»። ይህችን መስመር እንዳትዘሉብኝ። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ልጆች «ሙ ታንከር ነው» ብለው ያልፉና መሐል ላይ ሲደርሱ ሙ የነበረው ውሃ ይሁን፣ የተጨመረው ይሁን፣ ሙሉው ይሁን ይጠፋባቸው ነበር።

ከዚያ ታሪኩን እንደተነገረው መጻፍ ነው። ውሃው መጀመሪያ የሙ ሩብ ነበር። 350 ተጨመረ። የሙ ሦስት አምስተኛ ሆነ።

ሙ/4 + 350 = 3ሙ/5

ልጅሽ ይህን መስመር ጣቷን እያስኬደች በአማርኛ ታንብበው፦ «የነበረው ከተጨመረው ጋር የሆነውን ያክላል»። ሳትደናቀፍ ካነበበችው የሒሳቡ ከባድ ክፍል አልቋል። የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ከመስመሩ ሥር ያሉት 4 እና 5 ታሕት ይባላሉ፤ ሙሉው ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ይናገራሉ። ላይ ያለው 3 ላዕል ነው፤ ከቁራጮቹ ስንቱን እንደያዝን ይናገራል። ታሕቶቹን ለማጥፋት ግራውንም ቀኙንም በ20 እናበዛለን። የሙ ሩብ በ20 ሲባዛ 5ሙ፣ 350 በ20 ሲባዛ 7000፣ የሙ ሦስት አምስተኛ በ20 ሲባዛ 12ሙ ይሆናል።

5ሙ + 7000 = 12ሙ

5ሙን ከሁለቱም በኩል ስናነሳ 7000 = 7ሙ ይቀራል፤ ሙ = 1000። 20 እና 7 ተመልሰው መምጣታቸውን አየሽ? ቅድም በጀሪካኑ ያገኘናቸው ናቸው።

እዚህ ጋ ልጅሽን ልታግዣት የምትችዪበት ቦታ አለ። ብዙ ልጅ ክፍልፋዮቹን በ20 ያበዛና 350ን ረስቶ እንዳለ ይተወዋል። ያኔ 5ሙ + 350 = 12ሙ ይሆንና ታንከሩ 50 ሊትር ይወጣል። አንቺ አልጀብራ ባታውቂም 350 ሊትር የተጨመረበት ዕቃ 50 ሊትር ሊይዝ እንደማይችል ታውቂያለሽ። «እስቲ 350ውን የት ጨመርሽው?» ብለሽ ብትጠይቂያት ስህተቷን ራሷ ታገኘዋለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንቺ ያን ቀን ያደረግሽውን ታድርግ፦ ሩቡ 250፣ ሲጨመር 600፣ ሦስት አምስተኛውም 600። ይህ ማረጋገጫ ይባላል። አንቺ የመጨረሻውን ስቴፕ ሠርተሽ የፊተኞቹን ሳትነግሪያት ቀረሽ እንጂ አላሳሳትሻትም።

አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛው «አል-ጀብር» የመጣ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት የተጠቀመበት ቃል ነው። የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው፤ የወጌሻ ሥራም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። በእናንተ ከተማ ዓረብኛ የሚያነብ ጎረቤት አይጠፋምና ልጅሽ ሄዳ ትጠይቅ። በክፍል የሚያስፈራት ቃል የሰፈር ሰው የሚያውቀው ሆኖ ስታገኘው ትንሽ ይቀላታል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልጅሽን ልታስተምሪያት ወደምትችዪው ነገር ልምጣ። የቃላት ሒሳብ ላይ ልጆች የሚወድቁት ማካፈልና ማባዛት አቅቷቸው አይደለም፤ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ስለሚሮጡ ነው። ጥያቄዋ «የምኑ?» ናት። ሩብ፣ የምኑ ሩብ? ሲሶ፣ የምኑ ሲሶ? አንቺ ይህን በሥራሽ ታውቂዋለሽ። ደንበኛ «ግማሽ ቅጂልኝ» ሲልሽ የሲኒው እንጂ የጀበናው ግማሽ እንዳልሆነ ለማወቅ ማንም አላስተማረሽም።

ይህንን ከራስሽ ቀን የወሰድኩትን ጥያቄ ስጫት። «ጠዋት ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። ሁለት አምስተኛው ለቡና ዋለ። ከቀረው ሲሶው ሲኒ ታጠበበት። ማታ 8 ሊትር ተረፈ። ጀሪካኑ ስንት ሊትር ይይዛል?» የቸኮለች ልጅ ሁለት አምስተኛንና ሲሶን ደምራ 11/15 ታገኛለች፤ 4/15 ቀረ፣ እሱም 8 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ጀሪካኑ 30 ነው ትልሻለች። አትቆጫት። «በ30 እንሞክረዋ» በያት። ሁለት አምስተኛው 12 ነው፣ 18 ይቀራል፤ የ18 ሲሶ 6 ነው፣ 12 ይቀራል። 8 አልሆነም። ጥፋቱ የት ነው? ሲሶው የጀሪካኑ ሲሶ አልነበረም፣ የቀረው ሲሶ ነበር። አያቶቻችን «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲሉ ሦስቱም የአንዱ መሬት ሲሶ ስለሆኑ ይደመራሉ፤ እዚህ ግን ሁለቱ ክፍልፋዮች ከተለያየ ሙሉ የተቆረጡ ናቸውና እንዲሁ አይደመሩም። ለቡና ሁለት አምስተኛ ከዋለ የቀረው የሙ ሦስት አምስተኛ ነው። የእሱ ሲሶ የሙ አንድ አምስተኛ ነው። ያ ሲነሳ የሙ ሁለት አምስተኛ ይተርፋል፤ እሱም 8 ሊትር ነው። አንድ አምስተኛው 4፣ ሙሉው 20። የምትሸከሚው ጀሪካን!

ጥያቄው በእንግሊዝኛ መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው። ስትመልስልሽ ሁለት አነጋገሮችን እንዳታምታታ ጠብቂያት፦ «ሦስት አምስተኛው ሞላ» እና «ሦስት አምስተኛው ተጨመረበት»። የመጀመሪያው ውሃው የደረሰበትን ይናገራል፣ ሁለተኛው የገባውን። ቁጥሮቹ አንድ ሆነው መልሱ ይለያያል። አንድን ጥያቄ ቁጥር ከመንካቷ በፊት በአማርኛ እንደ ወሬ አድርጋ ብትነግርሽና አንቺም «ቆይ፣ መጀመሪያ ስንት ነበር? ከዚያስ?» እያልሽ ብትሰሚያት ትልቅ እርዳታ ነው። ለዚህ ደግሞ የክፍል ደረጃ አያስፈልግም።

ልንገራት ወይ ላልሽው፣ እኔ ብትነግሪያት እመርጣለሁ። የምልሽ ግን ልብሽ ሲፈቅድ ነው። አሁን አንቺን እየከበደሽ ያለው ሒሳቡ ብቻ አይመስለኝም፤ «አሥረኛ የጨረሰች» የተባለችውን ሴት ሆኖ መታየቱም ነው። ስለዚህም ይሆናል መልሱን ፈጥነሽ ሰጥተሽ «በግምት ነው ያገኘሁት» ማለት ያቃተሽ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ለማውራት ጠብ ያለበትን ሰዓት ሳይሆን ታናሿ የተኛበትን፣ ሁለታችሁ ብቻ የሆናችሁበትን ማታ ምረጪ። ቃሉ ረጅም መሆን የለበትም። «ልጄ፣ እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት አንቺ አሁን ያለሽበት ክፍል ላይ ነው። አያትሽ ታማ ነበር። ያን ቀን 1000ን ያገኘሁት ገምቼ ነው፤ እንዴት እንዳገኘሁት ሳልነግርሽ መልሱን ብቻ ሰጠሁሽ፣ እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። አንቺም ሰው ፊት እንደዚያ ስትናገሪኝ ጎድተሽኛል።» ይበቃል። ይቅርታ እስክትጠይቅሽ አፍጥጠሽ አትጠብቂ። ልጆች አንዳንዴ ይቅርታቸውን በማግስቱ ደብተር ይዞ በመምጣት ነው የሚናገሩት።

ፍራሽ ሥር ያገኘሽውን ፈተና አትደብቂው፣ ግን እንደ ማስረጃም አታቅርቢው። «አይቼዋለሁ፣ አልተቆጣሁም። ከነዚህ ውስጥ ቢገባኝ ደስ የሚለኝ የትኛው ነው ትያለሽ? እሱን አስረጂኝ» በያት። አስተማሪዋ እሷ ትሁን። ለሌላ ሰው ስታስረዳ የት ላይ እንደምትሰናከል ለራሷም ይታያታል።

ባለቤትሽ «የማታውቂውን አትንኪ» ማለቱ ሳይጎረብጥሽ አልቀረም። እኔንም ጎርብጦኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ከቤቱ ርቆ፣ በስልክ፣ ልጁ እየወደቀች እንደሆነ የሰማ አባት የመጣለትን መፍትሔ ተናገረ። እሱ ራሱ ሒሳብን ይፈራ ይሆን? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ሾፌር በየቀኑ ክፍልፋይ ያነባል። የነዳጅ ጌጁ ሩብ ላይ ነበር፣ 50 ሊትር ናፍጣ ቀዳ፣ ጌጁ ሦስት ሩብ ላይ ወጣ፤ ታንከሩ ስንት ይይዛል? ከሩብ ወደ ሦስት ሩብ ግማሽ ነው፣ ግማሹ 50 ከሆነ ሙሉው 100። ጌጅ እንደ ሒሳብ ደብተር ልክ አይሆንም፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በሚቀጥለው ሲደውል ስልኩን ለልጁ ስጫትና እንደዚህ ዓይነት አንዲት ጥያቄ ከመንገድ ይላክላት። «አስጠኚ ቅጠሪ» ከማለት የተሻለ የሚያደርገው ነገር ያገኛል፤ ልጅቷም አባቷን ታገኛለች።

ስለ አስጠኚው ግልጹን ልንገርሽ፦ አሁኑኑ አትቅጠሪ፣ ዕቁቡንም አትንኪ። ከዕቁብ መሐል መውጣት ከሰዎቹ ጋር እንደሚያጣላ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንድ ወር ለራሳችሁ ስጡ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በእያንዳንዱ ማታ ሁለት ጥያቄ፣ ከዚያ አይብለጥ፤ ስትደክሚ ደግሞ አንድ ይበቃል። በወሩ መጨረሻ ልጅሽ መስመሩን ራሷ መጻፍ ካቃታት ያኔ አስጠኚ ያስፈልጋታል፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። ያኔም ሁለት ሦስት እናቶች ሆናችሁ ልጆቻችሁን አንድ ላይ ብታስጠኑ ወጪው ይቀላል። ሳትከፍዪ በፊት ግን አስጠኚው አንዲት ጥያቄ አንቺ ባለሽበት በአማርኛ ያስረዳ። አንቺ ከገባሽ ልጅሽም ይገባታል። መልሱን ብቻ ጽፎ የሚሰጥ ከሆነ ሸኚው፤ እሱን ከከፈልሽ ያን ዜሮ ደግመሽ ገዛሽ ማለት ነው።

መምህሩንም ሄደሽ አናግሪው። ልጅሽ በሌለችበት፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት። «ለምን አዋረድክብኝ» ብለሽ ብትጀምሪ መልስ እንጂ እርዳታ አታገኚም። «መልሱን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ አልገለበጠችም። አሁን መንገዱን እየተለማመድን ነው። እርስዎ በየትኛው አጻጻፍ እንደሚፈልጉት አንዱን ሠርተው ቢያሳዩኝ» በዪው። «አልገለበጠችም» የሚለውን እንዳትረሺ፤ ልጅሽ ከማርኩ በላይ የተጎዳችው በዚያ ቃል ነው። ስሟን ያጸዳሽላት አንቺ መሆንሽን ስትሰማ ደብተሩን መደበቋን የምትተው ይመስለኛል።

ሳልጠይቅሽ ማለፍ ያልፈለግኩት አንድ ነገር ቀርቷል። ሰባተኛ ክፍልን በልጅሽ ደብተር እንደገና ስትከፍቺው ምን ተሰማሽ? ናፍቆሽ ከሆነ የማታ ትምህርት አለ፤ አንቺም ገና 36 ነሽ። ጊዜውም ጉልበቱም የለኝም ብትይኝ እረዳሻለሁ፣ አልጫንሽም። ብቻ ጥያቄውን ለልጅሽ ስትዪ ብቻ ሳይሆን ለራስሽም አንድ ቀን አንሺው።

ለዚህ ሳምንት የምሰጥሽ የቤት ሥራ ከገበያ ነው። ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ እዚያው ጅማ መርካቶ ውረጂና ማር ሻጮቹ ጋ ቁሙ። መጀመሪያ ይህን ንገሪያት፦ ማር ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሊትርና ኪሎ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከዚያ ጥያቄው ይህ ነው። ነጋዴው ማር የሞላ ጀሪካን መዘነ፤ 29 ኪሎ ሆነ። የማሩን ግማሽ ሸጦ ያንኑ ጀሪካን ደግሞ መዘነ፤ 15 ኪሎ ሆነ። ባዶው ጀሪካን ስንት ኪሎ ነው? ልጅሽ 29ን ለሁለት ማካፈል ከጀመረች «የምኑ ግማሽ?» በያት። መልሱን እዚህ አልጽፈውም። አንቺ በጭንቅላትሽ፣ እሷ በደብተሯ በ«ሙ» ሥሩትና ማን ቀድሞ እንደጨረሰ ጻፊልኝ።